የፀሐይ ሽልማት ለማን ይገባል?

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. አዶልፍ ዊንዳውስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የተሸለመውም ስቴሮል ስለሚባሉት ንጥረ ነገሮችና ከቪታሚኖች ጋር ስላላቸው ግንኙነት ባደረገው ምርምር ነው። ይህ ምርምር ቪታሚን ዲ በብርሃን ጨረር ከምን እንደሚሠራ ለማወቅ በር ከፈተ። ቪታሚን ዲ ያነሰው ሕፃን አጥንቱ ይለሰልሳል፤ እግሩ ይወላገዳል፤ መራመድም ይዘገይበታል። በሽታው ሪኬትስ ይባላል።

ከዚያ 9 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1919፣ ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ የበርሊን ሐኪም በዚሁ በሽታ የተያዙ 4 ሕፃናትን በልዩ መብራት ጨረር አክሞ፣ አጥንታቸው መጠንከሩን በራጅ አሳይቶ ነበር። የኖቤል ሽልማት ግን አላገኘም። ክብሩ የንጥረ ነገሩን ባሕርይ ላወቀው ደረሰ፤ ሕፃናቱን በብርሃን ላዳነው አልደረሰም።

ይህን የምናነሣው የሩቅ አገር ታሪክ ለማውራት ብለን አይደለም። የምንማርባት ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው። ፀሐይም አልተነፈገችም። ነገር ግን በዚህ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን ውርጭ እስከ አንኮበር ጉም፣ ልጅዋን በጋቢና በባና ጠቅልላ ከቤት የማታወጣ እናት አለች። ብርዱን ትፈራለች፤ የሰው ዓይን ትፈራለች፤ ምችም ትፈራለች። አላዋቂ ብለን ልንነቅፋት አይገባም፤ የደጋ ብርድ ሕፃን እንደሚጎዳ ከእኛ ይልቅ እርስዋ ታውቃለች።

ይሁን እንጂ የአገራችን ሐኪሞች ያገኙት ውጤት ያሳስባል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያደረጉት ጥናት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል ሪኬትስ የተገኘባቸው 210 ሲሆኑ፣ ካልያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል ግን 20 ብቻ ነበሩ። የለሰለሰ የጎድን አጥንት ትንፋሽን ደኅና አድርጎ አይደግፍምና። እንግዲህ ምችን ፈርቶ ከፀሐይ የተሸሸገ ሕፃን ለሳንባ ምች ይጋለጣል ማለት ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን በየዓመቱ አንድ ትንሽ ሽልማት እንዲያቆም እንጠይቃለን። ገንዘቡ ብዙ መሆን የለበትም፤ ከየተማሪው የአንድ ሻይ ዋጋ ቢዋጣ ይበቃል። የሚሸለመውም ስለ አጥንት በሽታ ረጅም ጽሑፍ ያቀረበ ሳይሆን፣ ከደጋው እናት ጋር ተቀምጦ ተነጋግሮ፣ ልጅዋ ብርድ ሳይመታው ፀሐይ የሚሞቅበትን ሰዓትና ቦታ ያጠና፣ ያገኘውንም በጥሩ አማርኛ ጽፎ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያስረከበ ተማሪ ይሁን። በመስኮት መስታወት አልፎ የሚገባ ፀሐይ ለአጥንት እንደማይጠቅም፣ ጨረሩን መስታወቱ እንደሚያስቀረው፣ ይህ ብቻ እንኳ በየቤቱ ቢነገር ትልቅ ሥራ ነው።

መምህራኖቻችንም ዳኞች ይሁኑልን። በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ምርምር ምርምር አይባልም የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሐኪሙ ያነበዋል፤ ሕፃኑን ከባናው ውስጥ አውጥታ ፀሐይ የምታሞቀው ግን እናቱ ናት።

በብርሃን ስም በምትጠራ ከተማ እየተማረ፣ የሕፃን አጥንት በጨለማ ሲለሰልስ እያየ ዝም የሚል ተማሪ፣ ዲግሪው ለምኑ ነው?