የተደፈነ የፎቶግራፍ ማተሚያ በምን ሊታጠብ እንደሚገባ

የክርስትናና የሠርግ ፎቶግራፍ በቤት ውስጥ የሚያትም ቀለም ረጪ መኪና፥ ማለት ኢንክጄት ፕሪንተር፥ ዛሬ በብዙ ቤት ይገኛል። ይህ መኪና ጥቂት ሳምንት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ እንደ ሆነ ቀለሙ በአፉ ላይ ይደርቅና ሥዕሉ በነጭ መስመር ተሸንትሮ ይወጣል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ተቈጥቶ በጓዳ ያገኘውን የጽዳት መድኃኒት ያፈስበታል። በመደፈን ብቻ ይድን የነበረ መኪና በዚህ መድኃኒት ሲጠፋ ስለምናይ ነገሩን ልንጽፍበት ወደድን።

የደረቀ ቀለም ሊያስለቅቅ የሚሻ ሰው ቀለሙ በምን እንደ ተበጠበጠ አስቀድሞ ይጠይቅ። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም ከጥቀርሻና ከተቈላ እህል አዘጋጅተው፥ አድርቀው ያኖሩታል፤ ሲጽፉም በውሃ ይበጠብጡታል፤ ብርዑ የደረቀበትም እንደ ሆነ በውሃ ያርሱታል። የቤት ፎቶግራፍ ማተሚያ ቀለምም አብዛኛው ውሃ ነው። አንደኛው ዓይነት ዳይ ይባላል፤ ስኳር በሻይ እንደሚሟሟ ፈጽሞ የሟሟ ነው። ሁለተኛው ፒግመንት የሚባለው እጅግ የደቀቀ ዱቄት በውሃ የተበተነበት ሲሆን፥ የዚህም ጥቁሩ ያው የጥቀርሻ ዘመድ ነው። የፊተኛው ቶሎ ይፈታል፤ የኋለኛው ግን ከደረቀ በኋላ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ማናቸውንም ፈሳሽ ከመንካት አስቀድሞ መኪናው በራሱ የሚታጠብበትን ትእዛዝ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መስጠትና ጥቂት ሰዓት መታገሥ ይገባል። ከዚህ የበለጠ ቢደጋገም ውድ ቀለም በከንቱ ይፈሳል፤ የፈሰሰውም ቀለም የሚጠራቀምበት ስፖንጅ ይሞላል።

ይህ ያልረዳ እንደ ሆነ የመጀመሪያው መድኃኒት በእንፋሎት የተነጠረ ንጹሕ ውሃ ነው። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ውሃ ይህ ስለ ሆነ በነዳጅ ማደያ ይገኛል፤ ዳሩ ግን የባትሪ አሲድም በዚያው ስለሚሸጥ ጽሕፈቱን ሳያነቡ መግዛት አደገኛ ነው። የቧንቧ ውሃ በማንቈርቈሪያ ውስጥ የምናየውን ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ የማተሚያው ቀዳዳ ደግሞ ከጠጕር የቀጠነ ነው። ክር የማይለቅ ጨርቅ በዚህ ውሃ አርሶ፥ ቀዳዳዎቹ እንዲያርፉበት አድርጎ ሌሊቱን ማሳደር መልካም ነው። ውሃው ለብ ቢል ይረዳል፤ የፈላ ግን አይሁን። ኤሌክትሪክ የሚተላለፍበትን የመዳብ ነጥብ አያርሱት፤ ቢርስም ፈጽሞ ሳይደርቅ መኪናውን አያብሩ።

ውሃ ያልፈታውን ለመፍታት ለዚያው መኪና ቀለም ተብሎ የተሠራውን ማጠቢያ መግዛት ይሻላል። ብዙዎች ኢሶፕሮፒል አልኮል ይጠቀማሉ፤ በውሃ ቀጥኖ በጥቂቱ ቢሆን ይረዳ ይሆናል፤ ያልተቀላቀለው ግን የፒግመንቱን ዱቄት እንደ እርጎ ሊያረጋው ይችላል። አረቄ ይበቃል የሚሉም ሰምተናል። አረቄው ለእንግዳ ይቅረብ፤ ስኳርና ቅመም የገባበት መጠጥ ለቀዳዳው ሌላ ድፍን ይሆንበታል።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሆነው አሴቶን ፕላስቲኩንና የማተሚያውን ራስ ያያያዘውን ሙጫ ያሟሟል፤ ስለዚህ ፈጽሞ አይቅረብ። በረኪናም ብረቱን ይበላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ከበረኪና ጋር ሲቀላቀል ነው፤ ክሎራሚን የሚባል መርዛም ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባንም ይጐዳል። መኪና ቢበላሽ ይተካል፤ በዝግ ክፍል ይህን ጋዝ የሳበ ሰው ግን ለሕይወቱ ያሰጋል። ስለዚህ ይህን ነገር ለቤት ሠራተኛውም ለልጆቹም አስቀድሞ መንገር ከባለቤቱ ይጠበቃል።

ድፍረቱም እንደ መኪናው ዓይነት ይለያይ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዓመተ ምሕረት በጃፓን አገር በካኖን ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ የጋለ የብየዳ ብረት የቀለም መርፌ ቢነካ ቀለሙ ፈንጥቆ ወጣ፤ የካኖን ቀለም በሙቀት የሚረጨውም ከዚህ ግኝት የተነሣ ነው። ሒውሌት ፓካርድም በሙቀት የሚረጭ ማተሚያውን ቲንክጄት ብሎ በ1984 አወጣ። ከነዚህ በብዙዎቹ ራሱ ይነቀላል፤ በአንዳንዶቹም ከቀለሙ ዕቃ ጋር አብሮ ይለወጣል፤ ስለዚህ ሙከራው ቢከሽፍ ጉዳቱ ቀላል ነው። ኤፕሰን ግን በኤሌክትሪክ በሚለጠጥ ፒየዞ በተባለ ነገር ቀለሙን ይገፋል፤ ራሱም በመኪናው ውስጥ የተተከለ ስለ ሆነ መለወጫው እጅግ ውድ ነው። ለዚህኛው ከውሃ አልፈን እንድንሄድ አንመክርም።

በአገራችን ለመደፈን ምክንያት የሚሆነው አንዱ የመብራት መጥፋት ነው። መብራት በሥራ መካከል ሲቋረጥ የማተሚያው ራስ ወደ ክዳኑ ሳይመለስ ተገልጦ ይቀራል፤ በበጋው ደረቅ አየርም ፈጥኖ ይደርቃል። መብራቱ እንደ ተመለሰ መኪናውን አብርቶ በራሱ ቁልፍ ማጥፋት ራሱን ወደ ማረፊያው ይመልሰዋል። በየሳምንቱም ሁሉም ቀለም የገባበት አንድ ገጽ ይታተም።

ሦስት ሌሊት በውሃ አድሮ ለውጥ ያላሳየ መኪና ምናልባት ውስጡ ተቃጥሏልና ወደ ጠጋኝ ይላክ፤ ሲላክም እስከ ዚያ ቀን የፈሰሰበት ሁሉ ሳይደበቅ ይነገረው፤ አሞኒያ ነክቶት እንደ ሆነ ጠጋኙ በረኪና እንዳይጨምርበት።