የሚያስቸግር የበር ቁልፍ

ማታ ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት ደክሞ የተመለሰ ሰው በገዛ ደጁ ቆሞ መክፈቻውን ወዲያና ወዲህ ሲያንገጫግጭ ማየት የተለመደ ነው። በሩ በመጨረሻ ይከፈትለታልና ነገሩን እስከ ነገ ማታ ይረሳዋል። ዳሩ ግን ዛሬ የሚያንገራግር ቁልፍ አንድ ቀን ጨርሶ እንቢ ማለቱ አይቀርም። ባለቤቱ በውጭ ሳለ እንቢ ቢል ጉዳቱ የአንድ ሌሊት እንቅልፍና የበር ማሠሪያ ገንዘብ ነው። ሰው በውስጥ ሳለ፣ ያውም እሳት በተነሣ ጊዜ የሆነ እንደሆነ ግን የሚጠፋው ሕይወት ነው። ስለዚህ አንድ በርና ፍርግርግ ያለው አንድ መስኮት ብቻ ባለው የኪራይ ክፍል የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ነገር እንደ ቀላል አትዩት።

በአማርኛችን የሚከፍተውም የሚከፈተውም ቁልፍ ይባላል። እንዳንደናገር በዚህ ጽሑፍ በእጅ የሚያዘውን መክፈቻ፣ በበሩ ላይ የተገጠመውን ቁልፍ፣ ወደ መቃኑ የሚገባውን ብረት ደግሞ ምላስ እንበለው።

ብዙ ሰው መክፈቻው ሲጠጥርበት ወዲያው ገበያ ሄዶ አዲስ ቁልፍ ይገዛል። አስገጥሞ ሲያበቃ አዲሱም እንደ አሮጌው ያስቸግረዋል፤ ጥፋቱ የበሩ እንጂ የቁልፉ አልነበረምና። እንግዲህ ከመፍረድ በፊት መመርመር ይገባል፤ ምርመራውም ገንዘብ አያስወጣም። በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱና መክፈቻውን አዙሩ። ምላሱ ያለ ችግር ገባ ወጣ ካለ ቁልፉ ንጹሕ ነው፤ በደለኛው በሩ ወይም መቃኑ ነው። በሩ ተከፍቶም የሚጠጥር ከሆነ ግን ሕመሙ ከቁልፉ ወይም ከመክፈቻው ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛውን መክፈቻ ሞክሩ። አንዱ እየከፈተ ሌላው እንቢ ካለ የሚያስፈልጋችሁ ከደኅናው ላይ በትክክል የተቀረጸ መክፈቻ ብቻ ነው። ከቅጂ ላይ ቅጂ ማስቀረጽ ስሕተትን ያበዛልና ዋናውን መክፈቻ በደኅና ቦታ አስቀምጡት።

በደለኛው በሩ ሆኖ ከተገኘ ምክንያቱን ፈልጉ። እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። በሐምሌ የጠበበበትን በር በችኮላ አብዝቶ የላገ ሰው በጥር ነፋስ ይገባበታል። ስለዚህ የሚተሻሸውን ጠርዝ በሻማ ወይም በደረቅ ሳሙና አሽታችሁ በጋውን ጠብቁ። የብረት በር ደግሞ የፀሐይ ነገር አለበት፤ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ የብረት በር ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 0.7 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ቀን ተጣብቆ ማታ የሚላቀቅ በር ምሥጢሩ ይህ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚበዛው ግን የማጠፊያ መላላት ነው። የላላ በር ወደ ታች ይወርዳል፤ ምላሱም ከቀዳዳው በታች ይመታል። ይህን ለማወቅ የምላሱን ጫፍ ጠመኔ ቀብታችሁ በሩን ዝጉና ለመቆለፍ ሞክሩ፤ ጠመኔው መቃኑ ላይ ያረፈበት ቦታ ሁሉን ይነግራችኋል። የማጠፊያውን ብሎኖች በካቻቢቴ አጥብቁ። በእንጨት በር ላይ የብሎኑ ቀዳዳ ሰፍቶ አልይዝ ካለ የክብሪት እንጨት ኮላ እየቀባችሁ ሙሉበትና ሲደርቅ ብሎኑን መልሱ። የተበየደ የብረት ማጠፊያ ከሆነ ግን ሥራው የበያጅ ነው።

ሕመሙ የቁልፉ ከሆነስ? ዛሬ በብዙ በሮች ላይ ያለው ቁልፍ አሜሪካዊው ትንሹ ሊነስ ዬል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1861 እና በ1865 የፈጠራ መብት ባወጣበት ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ትናንሽ ዘንጎች ተሰልፈው በሞላ ይገፋሉ፤ እያንዳንዱም ዘንግ ከሁለት የተቆረጠ ነው። የመክፈቻው ጥርሶች ዘንጎቹን በየልካቸው ሲገፏቸው የተቆረጡበት ቦታ ሁሉ በአንድ መስመር ይውላል፤ ያን ጊዜ ብቻ ቁልፉ ይዞራል። አንዱ ዘንግ እንኳ በአቧራ ቢያዝ ሌሎቹ ሁሉ ይቆማሉ። እንግዲህ ጉልበት እዚህ ምን ይሠራል? መክፈቻውን ከመስበር በቀር ምንም።

የምግብ ዘይት አታፍሱበት፤ ሲቆይ ይወፍርና ከአቧራ ጋር ጭቃ ይሆናል። ይልቅ አቧራውን እፍ ብላችሁ አስወጡና የመክፈቻውን ጥርሶች በለስላሳ እርሳስ ደኅና አድርጋችሁ አጥቁሩ። ከዚያም ደጋግማችሁ አስገቡት፣ አውጡት። የእርሳሱ ዱቄት ሳይጣበቅ ያንሸራትታል። መክፈቻው ውስጥ የተሰበረ እንደሆነ ሌላ አትጨምሩበት፤ ጫፉ ከታየ በወረንጦ ሳቡት፤ ካልታየ ቁልፍ ሠሪ ጥሩ።

ይህ ሁሉ ካልረዳ መለወጥ ነው። ሲሊንደር የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሙሉውን ቁልፍ መግዛት አያስፈልግም። በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ከምላሱ በታች በሲሊንደሩ አንጻር ያለውን ረጅም ብሎን ፍቱ፤ መክፈቻውን አስገብታችሁ ጥቂት ስታዞሩት ሲሊንደሩ ተስቦ ይወጣል። ከብሎኑ ቀዳዳ መካከል እስከ ሁለቱ ጫፎች በሚሊሜትር ለኩ፤ አሮጌውንም ይዛችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ። አዲሱ ከበሩ ፊት ከ3 ሚሊሜትር በላይ ወደ ውጭ አይውጣ፤ የወጣውን ሌባ ይዞ ይሰብረዋልና። በሩን ከመዝጋታችሁም በፊት ክፍት እንደ ሆነ ደጋግማችሁ ሞክሩት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

የኪራይ ቤት ከሆነ ደግሞ አከራያችሁን ሳታስፈቅዱ አትለውጡ። ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ መክፈቻውን መልሶ እንደ ሆነ መጠየቅም ነውር አይደለም።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በራችሁን ከውስጥ ቆልፋችሁ ክፈቱት። መክፈቻው በሁለት ጣት ካልዞረ ለነገ የማይባል ሥራ አለባችሁ። ከዞረም በጨለማ ዳስሳችሁ በምታገኙት ቦታ አኑሩትና በሰላም ተኙ።