ካውንስለሯ 19 ዓመቷ ነው

የልጅ ልጄ ባለፈው ክረምት አሜሪካ ውስጥ በአንድ ክርስቲያናዊ የልጆች ካምፕ «ካውንስለር» ሆና እንደምትሠራ ስትነግረኝ፣ «ደግሞ መቼ ተምረሽው?» ነው ያልኳት። እኛ ዘንድ ካውንስለር ሲባል የሰው ችግር ሰምቶ ምክር የሚሰጥ የሠለጠነ ባለሙያ ነው። በጤና ጣቢያችን ኤችአይቪ ለመመርመር የሚመጣውን ሰው የሚያነጋግሩት እነሱ ነበሩ።

የእሷ ሥራ ሌላ ነው። ከስምንት ሴት ልጆች ጋር በአንድ የእንጨት ቤት ታድራለች። ጠዋት ትቀሰቅሳቸዋለች፣ ጥርስ ያስቦርሻታል፣ ወደ ቁርስ፣ ወደ ሐይቁ፣ ወደ መዝሙሩና ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ ትወስዳቸዋለች፤ ማታ አብራቸው ጸልያ መብራት ታጠፋለች። ሌሊት የሆዱ ቁርጠት፣ የቅዠቱ፣ የረጠበው አንሶላ ጉዳይ ሁሉ የእሷ ነው። እንደ እኔ ይኼ የተረኛ ነርስ ሥራ ነው፤ ተረኛዋ ነርስ ግን ሲነጋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ክፍያው ደግሞ ትንሽ በመሆኑ እናቷ አልወደደችውም። እኔ ወደድኩላት።

ነገሩ እዚያ አገር አዲስ አይደለም። እኛ ወወክማ የምንለው የወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1885 በኒውዮርክ ግዛት የጀመረው ካምፕ ዳድሊ እስከ ዛሬ ልጆች ይቀበላል። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ወጥቶለታል። የአሜሪካ ካምፕ ማኅበር በአዳር ካምፕ ከ6 እስከ 8 ዓመት ላሉ ስድስት ልጆች አንድ ጠባቂ፣ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ስምንት ልጆች አንድ ጠባቂ እንዲኖር ይላል። የልጅ ልጄም ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ሳምንት ሠልጥናለች። ከአንድ ልጅ ጋር ሰው በማያይበት ቦታ ብቻዋን አትሆንም። ልጅ «ለማንም አትናገሪ» ሲላት እሺ ብላ ቃል አትገባም። በብዙ ግዛቶች ልጅ ላይ በደል መድረሱን የጠረጠረ የካምፕ ሠራተኛ ለመንግሥት ማሳወቅ በሕግ ግዴታው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች የናፍቆት ናቸው። በተለይ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ የማያውቅ የሐበሻ ልጅ ይብስበታል። እናት ስትሸኝ አዝና «ካልተስማማሽ ደውዪ፣ መጥቼ እወስድሻለሁ» ትላለች። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን አይጠቅምም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ናፍቆት ባወጣው ጽሑፍ ወላጆች እንዲህ ያለ ቃል እንዳይገቡ ይመክራል። ልጅቷ የምትሰማው «እናቴም እንደማልችል ታውቃለች» የሚለውን ነው። ከዚያ በኋላ ሐይቁም ጨዋታውም አይታያት፤ ስልኩን ብቻ ትጠብቃለች። የሚሻለው ከጉዞው በፊት አክስቷ ወይም አያቷ ቤት ሁለት ሦስት ሌሊት ማለማመድ፣ ከቤት የሚሸት ነገር ሻንጣዋ ውስጥ መክተት ነው። የልጅ ልጄ ቤት ውስጥ አንዷ የእናቷን ነጠላ አቅፋ ነበር የምትተኛው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጅቷን የሚያሳውቅ ነገር ቀይሬያለሁ።

በዚያ ካምፕ መብራት ከመጥፋቱ በፊት እያንዳንዷ ልጅ የጸሎት ርዕስ ታቀርባለች። አንዷ ለታመመ ውሻዋ፣ አንዷ ሥራ ለፈታ አባቷ ታስጸልያለች። በሦስተኛው ሌሊት ከእኛው ሰዎች የተወለደች የ10 ዓመት ልጅ ዝም አለች። ሌሎቹ ሲተኙ ግን ተነሥታ መጥታ በልጅ ልጄ ጆሮ «ያ ነገር ውኃ ውስጥ እንዳይመጣብኝ ጸልዪልኝ» አለቻት።

ያ ነገር የሚጥል በሽታ ነው። እናትየው በጤና ቅጹ ላይ «ምንም የለባትም» ብላ ሞልታለች። ኪኒኑን በቫይታሚን ብልቃጥ አድርጋ ካልሲ ውስጥ ከትታላታለች፤ ማንም ሳያይሽ ዋጪ ብላ። ልጅቷ ስምንት ሰው በሚያድርበት ቤት የት ተደብቃ ትዋጥ? ሁለት ሌሊት ዘላዋለች። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ የዋና ሰዓት ነበር። መድኃኒት የተቋረጠበት የሚጥል በሽታና ሐይቅ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

«ማልዪልኝ፣ አትናገሪ» አለቻት። የልጅ ልጄ «እጸልይልሻለሁ፤ ይኼን ግን ብቻችንን አንይዘውም፣ ነርሷ ጋ አብረን እንሂድ» አለቻት። ሌላዋን ካውንስለር ቀስቅሳ ቤቱን አስጠብቃ፣ በዚያው ሌሊት እጇን ይዛ ወሰደቻት።

ከዚያ ለእኔ ደወለች። እዚያ ሌሊት ሆኖ እዚህ ሊነጋ ሲል ነበር፤ ሰባት ሰዓት እንበልጣቸዋለን። እያለቀሰች «እማማ፣ አሳልፌ ሰጠኋት እንዴ?» አለችኝ። «ልጄ፣ እኔ ተረኛ ሆኜ ያየሁትን ለሚቀጥለው ተረኛ ሳልነግር የወጣሁበት ቀን የለም። በሽተኛው ሲያድር ደህና እንዲሆን ነው እንጂ ለማማት አይደለም» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ እንቅልፏ መምጣቱን ነግራኝ ዘጋች።

የካምፑ ነርስ እናትየውንና የልጅቷን ሐኪም አነጋገረች። ኪኒኑ ነርሷ ጋ ተቀመጠ፤ ልጅቷ በየሰዓቱ እየሄደች ዋጠች። ሐኪሙ ሲፈቅድ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሳ፣ እሷን ብቻ የሚያይ አንድ አዋቂ ተመድቦላት ዋኘች። ሳምንቱን ጨርሳ ነው የሄደችው። እናትየው መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፤ «ካወቁ ይመልሷታል፣ ሐበሻው ሁሉ ይሰማል» ብላ ነው የደበቀችው። እኔ አልፈርድባትም። ይኼ በሽታ በእኛ ዘንድ ምን ስም ሲሰጠው እንደኖረ አውቃለሁ። የወደቀውን ሰው ክብሪት ጭረው ሲያሸትቱ፣ እንዳይተላለፍብን ብለው ሳይነኩት ሲያልፉ አይቻለሁ። አይተላለፍም። ብዙዎቹ መድኃኒታቸውን በሥርዓቱ ከወሰዱ እንደማንም ሰው ይማራሉ፣ ይሠራሉ፣ ይወልዳሉ። ይሁን እንጂ እናትየው የደበቀችውን ነገር የተሸከመችው ሌላ ሴት አይደለችም፤ የ10 ዓመት ልጇና አንዲት የ19 ዓመት ወጣት ናቸው።

እኛም አገር ትምህርት ሲዘጋ አብያተ ክርስቲያናት ልጆችን ወደ ካምፕና ወደ መንፈሳዊ ጉዞ ይወስዳሉ። ብዙ ጊዜ የጤና ቅጽ የለም። ቅጽ ከሌለ እናንተው ጻፉ፤ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ስኳር፣ የማይስማማት ምግብ ወይም መድኃኒት፣ በእንቅልፍ መሽናት፣ ሁሉንም። በእንቅልፍ መሽናት አያሳፍርም፤ ከ100 የሰባት ዓመት ልጆች ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑት ይሸናሉ። አስቀድሞ የተነገራት ካውንስለር ሌሎቹ ቁርስ ላይ ሳሉ አንሶላውን ቀይራ ትጨርሳለች። ወረቀቱን ለአስተባባሪው ብቻ አትስጡ፤ ከልጃችሁ ጋር የሚያድረው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ለእሱም ንገሩት።

መድኃኒቱ ከፋርማሲ በወጣበት ዕቃ፣ የልጁ ስምና የሚወሰድበት ሰዓት ተጽፎበት በአዋቂ እጅ ይሁን። ለሚያድረው ወጣትም ይህን አስረዱት፦ ልጁ ቢወድቅና ቢንቀጠቀጥ በጎኑ ያስተኛው፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርግለት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይክተት፣ ይዞ አያስቁመው፣ ሰዓቱን ይይ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ውኃ ውስጥ ከሆነ ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂድ። ክብሪቱን ለሻማው ይተወው።