ስለ ተበላሸ ምጣድ

የኤሌክትሪክ ምጣድ አልግል ባለ ጊዜ፥ ብዙ ሰው ወዲያው «ይጣልና አዲስ ይገዛ» ይላል። ነገር ግን አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ከሸክላው በታች የሚያግለው ሽቦ ተጠምዝዞ ተቀምጧል። የተበጠሰው ሽቦው ብቻ እንደ ሆነ፥ ባለሙያ ይለውጠዋል፤ በጎመን ዘር የተሟሸው ሸክላም ይተርፋል። እንጀራ የማይዝ ምጣድ እስኪገኝ ምን ያህል ድካም እንዳለ እናታችሁን ጠይቁ። ሸክላው ከተሰነጠቀ ግን ሊጡ ወደ ሽቦው ሊወርድ ይችላል፤ ሊጥም ውሃ ስላለበት ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል። ያን ጊዜ ስንጥቁን ለጥፎ መጋገር ቁጠባ አይደለም፤ የጋጋሪዋን ሕይወት ለአደጋ መስጠት ነውና ሸክላው ይለወጥ። ልጆች ሆይ፥ ገንዘባችሁ እንዳይባክን ጠግኑ፤ ሰው የሚጎዳበት ሲሆን ግን ለገንዘብ አትሳሱ።