ጡጦው ወይስ ቡዳው?

ጡጦ የሚጠባ ሕፃን በድንገት ማስመለስ ሲጀምር እኛ ጋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎረቤት ዓይን ነው፤ ቀጥሎ የቆርቆሮው ዓይነት ይቀየራል። ውሃውንስ ማን ጠየቀው? ወልቂጤ እኮ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ነዋሪው ጀሪካን ይዞ «ውሃ!» ብሎ ወጥቶ ሰው የተገደለባት ከተማ ናት። ሰንብቶ በተጠራቀመ ውሃ የታጠበ ጡጦ፣ ከጠዋት የተረፈ ወተት... ዱቄቱ ራሱም ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ ፈልቶ ከ70 ዲግሪ ባልወረደ ውሃ ተበጥብጦ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሰጣል። የተረፈው ይደፋል። (እናቲቱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ቧንቧው ግን የእሷ አይደለም።)

አንዳንዴ ነገሩ ከልክ በላይ ማጥባት ብቻ ነው። የጥቂት ሳምንት ሕፃን በጠባ ቁጥር በኃይል እያስፈነጠረ ካስመለሰ ግን የጨጓራው መውጫ ጠብቦ ሊሆን ይችላል። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ አንጀቱ ተዘግቶ ይሆናል። ያኔ ጤና አዳሙ ይቆየን፤ ቡታጅራም ሁኑ ወልቂጤ፣ ባጃጅ ጥሩና በቀጥታ ሆስፒታል!