ልብሱን ገልብጣችሁ እዩት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄን ይዤ ላፍቶ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ጥልፍ ቤት ሄድኩ። ለበዓል ቀሚስ አማርጣ ነው፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ከእኔው ሰምታ መልሳ ለእኔው ተረተችብኝ። ወጣቱ ባለሙያ ንድፉን ከኮምፒውተሩ መርጦ መኪናውን አስነሳ። እናቴ በኩራዝ ብርሃን ሳምንታት ትፈጅበት የነበረው ጥልፍ፣ ቡናችንን ጠጥተን ሳንጨርስ አለቀ። አልዋሽም፣ ደነቀኝ።

ቤት ስንገባ ግን ልጅቷ ቀሚሱን ለብሳ አሥር ደቂቃ አልቆየችም፤ አንገቷን ታክ ጀመር። ገልብጬ ሳየው ከጥልፉ ሥር ወረቀት የመሰለ ደረቅ ነገር አለ። ለካ መኪናው ሲጠልፍ ጨርቁ እንዳይጨማደድ ከሥር የሚደረግ ነው። ትርፉን በመቀስ ከርክሜ፣ ከአሮጌ ነጠላ ቀድጄ ገበር ሰፋሁለት። ማከኩም ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ስገዛ ጀርባውንም አያለሁ። እናንተም እዩ። ሸማኔ የሠራው ጥበብ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ስለሆነ ባለቀለሙ ክር ከኋላም ይገኛል። የመኪና ጥልፍ ጀርባው ጠጠር ይላል፤ ብዙ ጊዜም ነጩ የታችኛው ክር ይታይበታል። በገበያው «ፕሪንት» የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ደብዛዛ ነው። ሦስቱም ይለበሳሉ። ፕሪንቱን በጥበብ ዋጋ መግዛት ግን ኪሳችንንም ሸማኔውንም ይጎዳል።

ታዲያ አዲስ ነገር ሁሉ የእጅ ሥራን ያጠፋል ማለቴ አይደለም። እዚሁ ክፍለ ከተማችን፣ መካኒሳ የሚገኘውን ሳባሃርን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2004 በካናዳዊቷ ካቲ ማርሻል የተመሠረተ ሲሆን፣ ከጥጡ ጎን ሐርን ለሸማኔዎቻችን አቅርቧል። «ኤሪ» የሚባለው የሐር ትል የሚበላው የጉሎ ቅጠል ነው፤ እኛ ለምጣድ ማሟሻ የምናውቀው ጉሎ! ትሉ ራሱን የሚጠቀልልበት ጎጆ ጫፉ ክፍት በመሆኑ፣ ክሩ እንደ ሌላው ሐር ሳይቋረጥ ተተርትሮ አይወጣም፤ እንደ ጥጥ መፈተል አለበት። አዲሱ ጨርቅ የፈለገው እንግዲህ እናቶቻችን ሲፈትሉ ያደሩበትን ሙያ ነው።

የእናቴ እንዝርት እኔ ቤት ሣጥን ውስጥ ነው። የልጅ ልጄ አይታው አታውቅም፤ እኔም አውጥቼ አሳይቻት አላውቅም። ይህ የመኪናው ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው። በመጪው ቅዳሜ ባዘቶ ገዝቼ አብረን እንቀመጣለን። መጀመሪያ ክሩ እየተበጠሰ ያስቸግራት ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነው የለመድኩት።