ስለ ትንሹ ሣጥንና ስለ ኀያሉ ኮምፒዩተር



ከጥቂት ሳምንታት በፊት በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ለመመረቂያ ሥራው የሚሆን ኮምፒዩተር ራሱ ሊገጣጥም አሰበና የዕቃዎቹን ዝርዝር በወረቀት ጽፎ ከአልጋው ራስጌ ለጠፈው። ዝርዝሩን ያየ ሁሉ ዳኛ ሆነ። ገሚሱ «ላፕቶፕ ግዛና ተገላገል» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ኀይለኛ ነገር ከፈለግህ እንደ ሰው ትልቁን ታወር ግዛ፤ ይህ 10 ሊትር የምትለው ሣጥን የሀብታም ልጅ መጫወቻ ነው» አለ። ጓደኛችን በሐሳቡ ጸና። እኔም የእርሱ ወገን ነበርሁ፤ ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ድምፄ ስላልተሰማ፣ አስተያየቴን በዚህ ገጽ ላይ ላቀርብ ተገድጃለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቦታ እንነጋገር። ስድስት ሆነን በምንኖርበት ክፍል ለአንድ ሰው የሚደርሰው አንድ አልጋ፣ አንድ ጠባብ ቁም ሣጥንና የአንድ ጠረጴዛ ጥግ ነው። ተራው ታወር ከ40 እስከ 50 ሊትር ቦታ ይይዛል፤ ይህም ማለት ውኃ ሲጠፋ ተሸክመነው የምንዞረው ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ሁለት ወይም ሁለት ተኩል ጊዜ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ወደ ትምህርት ክፍል መሄድ አይቻልም። ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤተሰብ ሲኬድም በአውቶቡስ ጭኖ መጓዝ የማይታሰብ ነው። በቤተ ሙከራ ያሉት ኮምፒዩተሮች ደግሞ መልካም ናቸው፤ ግን ማታ ይቆለፍባቸዋል። የጓደኛችን ሥራ በብራና ላይ በእጅ የተጻፉ ፊደላትን ኮምፒዩተር እንዲያነብ ማስተማር ነው። ይህ ስሌት ከምሽት እስከ ንጋት፣ አንዳንዴም ሁለት ሌሊት ሳያቋርጥ የሚሄድ ነው። በር ሲቆለፍ ስሌቱ አብሮ ከቆመ መመረቂያው መቼ ሊያልቅ ነው?

ላፕቶፕ ቦታ በመቆጠብ ወደር እንደሌለው አልክድም። ዳሩ ግን ላፕቶፕን ሌሊቱን ሙሉ በከባድ ስሌት ያስጨነቀ ሰው የሚሆነውን ያውቃል። ይግላል፤ ከጋለም ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በብዙዎቹ ላይ የግራፊክስ ቺፑ፣ በአንዳንዶቹም ላይ ራሙ ጭምር ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላውም አብሮ ይጣላል። በራስ እጅ የተገጣጠመ ኮምፒዩተር ግን አንዱ ዕቃ ሲሞት ያ ዕቃ ብቻ ይለወጣል፤ የቀረው ይኖራል።

እንግዲህ ጥያቄው ኀያሉ ዕቃ በትንሹ ሣጥን ሊገባ ይችላል ወይ የሚል ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥቀስና፣ በ1995 ኢንቴል ባወጣው ኤ.ቲ.ኤክስ. በሚባለው ልክ መሠረት ማዘርቦርድ 305 በ244 ሚሊሜትር ነበር፤ ዛሬም በትልልቆቹ ታወሮች ውስጥ ያለው ይኸው ነው። በ2001 ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ሚኒ አይ.ቲ.ኤክስ. የሚባለውን 170 በ170 ሚሊሜትር የሆነ ልክ አመጣ፤ ስፋቱ ከፊተኛው 40 በመቶ እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ የታሰበው ለደካማና ለርካሽ መሣሪያ ነበር። ኋላ ግን ትልቁን ፕሮሰሰር የሚቀበል ማዘርቦርድ በዚሁ ልክ ይሠራ ጀመር። ፓወር ሰፕላዩም እንዲሁ አጠረ፤ ተራው ወደ 1.8 ሊትር ሲይዝ ኤስ.ኤፍ.ኤክስ. የተባለው 0.8 ሊትር ብቻ ይበቃዋል። የቀድሞው ሃርድ ዲስክ በነበረበት ቦታ ዛሬ ርዝመቷ 80፣ ወርዷ 22 ሚሊሜትር የሆነች፣ ማስቲካ የምታህል ቅጠል በማዘርቦርዱ ላይ ተኝታለች። ሣጥኑን የቀየሱት ደግሞ ታላላቅ ኩባንያዎች ብቻ አይደሉም። በ2013 ኤንኬዝ ኤም 1 የተባለውን፣ ከ13 ሊትር ያነሰውን ሣጥን ያወጡት የገበያው ሣጥን ሁሉ ያላረካቸው ሁለት ወዳጆች ናቸው፤ ገንዘቡም ከወደፊት ገዢዎች በመዋጮ ተሰበሰበ። በ2016 አንድ ጀርመናዊ ዳን ኤ 4 የተባለውን 7.2 ሊትር ብቻ የሚይዝ ሣጥን በተመሳሳይ መንገድ አወጣ። በዚህኛው ግራፊክስ ካርዱ በማዘርቦርዱ ላይ ቀጥ ብሎ በመሰካት ፈንታ በጠፍጣፋ ኬብል ተያይዞ ከጀርባው እንደ ሳንድዊች ይተኛል። እኔን የሚያስደንቀኝ ስፋቱ አይደለም፤ የተቸገረው ሰው ራሱ መለኪያ አንሥቶ መቀየሱ ነው።

ቦታው እንግዲህ ተገኘ። ሙቀቱስ?

የኮምፒዩተር ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ፍጥነቱን ብቻ ነው። ነገር ግን በኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባው ዋት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ከዚህ የሚያመልጥ ኮምፒዩተር የለም። በጓደኛችን ዝርዝር ላይ ያለው ፕሮሰሰር 65 ዋት የሚል ማዕረግ ቢኖረውም በሥራ ላይ እስከ 88 ዋት ይስባል። 16 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው ግራፊክስ ካርዱ 165 ዋት ነው። ማዘርቦርዱንና ማራገቢያዎቹን ጨምረን፣ ፓወር ሰፕላዩ ራሱ የሚያባክነውንም ስናክል ወደ 300 ዋት ይጠጋል። ይህን ሙቀት ጠርጎ ለማውጣት፣ የሚወጣው አየር ከሚገባው በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ ብንፈልግ፣ በየሴኮንዱ 25 ሊትር ያህል አየር በሣጥኑ ውስጥ ማለፍ አለበት። ሣጥኑ 10 ሊትር ቢሆን አየሩ በሴኮንድ ከሁለት ጊዜ በላይ ይለወጣል ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ጣት ያህል ክፍተት መዘጋቱ፣ የአንድ ኬብል በማራገቢያ አፍ ላይ መንጠልጠሉ፣ በታወር ውስጥ የማይታወቅ ሆኖ እዚህ ግን ጥፋት ይሆናል።

የሂሳብ መምህሮቻችን ይታዘቡኝና፣ ይህ ስሌት የተሠራው በባሕር ጠረፍ አየር ነው። እኛ ያለነው አዲስ አበባ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ያለፈች በመሆንዋ አየርዋ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያ የሚገፋው በሊትር እንጂ በኪሎ ስላልሆነ፣ ያው 25 ሊትር እዚህ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው፤ በባሕር ጠረፍ 10 ዲግሪ የነበረው ልዩነት እኛ ዘንድ ወደ 12 ዲግሪ ተኩል ይደርሳል። በውጭ አገር ሰዎች መርምረው ያወጡትን ሠንጠረዥ እያነበቡ ዕቃ የሚመርጡ ወንድሞችና እኅቶች ይህን አይዘንጉ። በሌላ በኩል ደግሞ ብርዳችን ይክሰናል፤ ሌሊት ብርድ ልብስ የሚያስደርበን አየር ለኮምፒዩተር በረከት ነው። ድሬዳዋ ያለ ተማሪ ከእኛ የወፈረ አየር አለው፤ ግን ሲገባም የሞቀ ነው። በሁለቱም ከተሞች አቧራው ያው ነው፤ ትንሽ ሣጥን ቶሎ ስለሚታፈን በወር አንዴ ክዳኑን ከፍቶ በብሩሽ መጥረግ ግድ ይላል።

ታዲያ የእኔ ዋና አስተያየት እዚህ ላይ ነው። በትንሽ ሣጥን የሚገጣጥም ሰው መጀመሪያ መወሰን ያለበት ፍጥነቱን ሳይሆን የሙቀቱን በጀት ነው። «ከ300 ዋት አላልፍም» ብሎ ይነሣና በዚያ ውስጥ የሚገኘውን ከፍተኛ ሥራ ይፈልጋል። ይህ ድህነት አይደለም። ቺፕ የሚበላው ኀይል ከፍጥነቱ ጋር፣ እንዲሁም ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ሁለቱንም በ10 በመቶ ብንቀንስ፣ ቆሞ የሚበላውን ትተን፣ ፍጆታው 0.9 በ0.9 በ0.9፣ ይኸውም 0.73 ያህል ይሆናል። 10 በመቶ ፍጥነት ከፍለን 27 በመቶ ሙቀት ገላገልን ማለት ነው! ፋብሪካዎቹ ግን በሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ በጥቂት ነጥብ ለመብለጥ ሲሉ ቺፑን እስከ ጫፉ ገፍተው ይልኩታል። በ2022 የወጣው አር.ቲ.ኤክስ. 4090 የተባለው ካርድ ብቻውን 450 ዋት ይበላል። በ2023 የወጣው፣ 20 ጊጋባይት ማስታወሻ ያለው አር.ቲ.ኤክስ. 4000 ኤስ.ኤፍ.ኤፍ. የተባለው የሥራ ካርድ ደግሞ 70 ዋት ብቻ ነው፤ ዋጋው ግን የእኛን ቢጤ የሚያስደነግጥ ነው። ስለዚህ የተማሪው መንገድ መካከለኛውን ካርድ ገዝቶ የኀይሉን ጣሪያ በሶፍትዌር ዝቅ ማድረግ ነው።

መብራት ሲጠፋም ልዩነቱ ይታያል። በየሱቁ የሚገኘው 650 ቪ.ኤ. የሚባለው ትንሽ ዩ.ፒ.ኤስ. 300 ዋት የሚስበውን ኮምፒዩተር ሥራውን አስቀምጦ እስኪያጠፋ ጥቂት ደቂቃ ይይዘዋል። 700 ዋት የሚስበውን ግን ገና ከመጀመሪያው አይችለውም። በአንድ ብልጭታ የሦስት ሌሊት ስሌት የጠፋበት ሰው ይህን የምነግረው እኔ ሳልሆን እርሱ ቢነግረን ይሻል ነበር።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ወገን ቆሜ ልናገር። ትንሹ ልክ ይወደዳል። ማዘርቦርዱም ፓወር ሰፕላዩም ከተራው ይበልጥ ያስከፍላሉ። የራም ማስገቢያው ሁለት ብቻ ነው፤ ባለ 48 ጊጋባይት ሁለት ቢሰካ 96 ይሆናል፣ ለአብዛኞቻችንም ይተርፋል፤ ግን መጀመሪያ አንድ ገዝቶ ቀስ በቀስ አራት ማድረስ የሚባል ነገር የለም። ካርድ የሚሰካበትም ቦታ አንድ ነው። በትንሽነት ውበት ብቻ የተነሣ ሰው የት እንደሚደርስ ለማየት በ2000 አፕል ያወጣውን ጂ 4 ኪዩብ ማስታወስ ይበቃል። ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ማራገቢያ የሌለው፣ ሲያዩት የሚያምር ዕቃ ነበር። ዋጋው ከ1,799 ዶላር ይጀምር ነበርና ገዢ አጥቶ በዓመቱ፣ በሐምሌ 2001፣ ሥራው ቆመ። ዛሬ ኒው ዮርክ ባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ ለኮምፒዩተር ይህ ክብር ይሁን ቅጣት አላውቅም።

ጓደኛችንም ሳይሳሳት አልቀረም። የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ቁመት ሲለካ ብረቱን ለካና በላዩ የሚታሰረውን ማራገቢያ ረሳው። ሁሉም ተሰክቶ፣ ኬብሉ ሁሉ ታጥፎ፣ ሦስት ሰዓት ከተደከመ በኋላ ክዳኑ ሊዘጋ ሲል በ4 ሚሊሜትር አልዘጋ አለ። በዚያ ሌሊት የሳቁበት ሁሉ ግን፣ እኔም ጭምር፣ ሚሊሜትር ምን ማለት እንደ ሆነ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ቀጭን ማራገቢያ አስለውጦ በሳምንቱ ዘጋው። አሁን ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ ድምፁም ከአንዱ የክፍል ጓደኛችን ማንኮራፋት ያነሰ ነው።

ይህን ሁሉ ያተትሁት ስለ አንድ ሰው ኮምፒዩተር አይደለም። ለኅብረታችን የምጠይቀው አለኝ። ኅብረቱ ለተማሪዎች አገልግሎት ከሚያወጣው ገንዘብ ላይ እንዲህ ያሉ ሦስት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ያስገጣጥም፤ ይግዛ አላልሁም። እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በፊርማና በዋስ ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለሁለት ሳምንት ይውሰዷቸው። ክፍል ውስጥ የሚያድር ኮምፒዩተር ቢሆን ኖሮ ታወሩ በረከሰ ነበር፤ ከእጅ ወደ እጅ ለሚዞር ግን የሻንጣ ልክ መሆኑ ዋጋውን ይመልሳል። «በቀላሉ የሚያዝ በቀላሉ ይሰረቃል» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፤ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆለፈውም ይኸው ብቻ ነው። መምህራኖቻችንም ቢፈቅዱ መገጣጠሙ ራሱ እንደ ተግባር ትምህርት ይታሰብልን። ስለ ሙቀት ዝውውር በሰሌዳ ላይ ብዙ ጽፈናል፤ ኮምፒዩተር እያጠኑ የኮምፒዩተር ክዳን አንድ ቀን እንኳ ሳይከፍቱ የሚመረቁ ጓደኞች ግን አሉን፤ ስማቸውን አልጠራም።

ሌላም ትንሽ የማትመስል ችግር አለች። ላፕቶፕ በበር ሲገባና ሲወጣ በመለያ ቁጥሩ ይመዘገባል። በእጅ የተገጣጠመ ሣጥን ግን መለያ ቁጥር የለውም። ጓደኛችን ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤቱ ሊወስደው ሲል ጥበቃው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ አቆመው። «ኮምፒዩተር ነው አባባ» ቢል፣ ጥበቃው ሣጥኑን በእጃቸው መዝነው «ታዲያ ኮምፒዩተሩ የታለ?» አሉት። እርሳቸው ሥራቸውን ሠሩ፤ ጥፋቱ የመዝገቡ ነው። ኅብረቱ ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግሮ ለእንዲህ ያለው ዕቃ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ቢያስከፍት፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ሊጀመር ይችላል።

መገጣጠሙን ማየት ለሚሻ ጓደኛችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክዳኑን ለጽዳት ስለሚከፍተው እንዲመጣ ፈቅዷል። መፍቻ ያለው ይዞ ይምጣ፤ እኛ ዘንድ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ ጫፉም ተበልቷል።